ስቴኖ፣ ድምፅ ወይስ ዲጂታል? ኮርት ሪፖርተር ለመሆን የትኛውን ልማር?

አሜሪካ ፍርድ ቤት ገብታችሁ ከሆነ ዳኛውን፣ ጠበቆቹን፣ ምናልባትም አስተርጓሚውን ታስታውሳላችሁ። ከዳኛው በታች ትንሽ ማሽን ፊቷ አቁማ፣ ዝም ብላ ጣቶቿን የምታንቀሳቅሰውን ሴት ግን ልብ የሚላት የለም። ኮርት ሪፖርተር እሷ ናት። ስሙ ጋዜጠኛ ያስመስላታል እንጂ ሥራዋ የተነገረውን ሁሉ ቃል በቃል መያዝ ነው። ነገሩ ይግባኝ ሲደርስ የሚነበበው የእሷ ጽሑፍ ነው። ይኸው ችሎታ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲገባ ከዜናው ሥር የሚሮጠው ካፕሽን ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ መስማት ለተሳነው ተማሪ ሌክቸሩን ወዲያው በስክሪን ያደርስለታል፤ ይህኛው ካርት ይባላል።

በ2023 የአሜሪካ የሥራ ስታትስቲክስ ቢሮ የዚህን ሙያ መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ 63,940 ዶላር አድርጎት ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ "ትምህርቱ ስንት ይፈጃል?" ይላል። መልሱ በመረጣችሁት መንገድ ይወሰናል። መንገዱ ሦስት ነው።

ስቴኖ ማሽን

ስቴኖ ያቺ ሴት ፊቷ ያቆመችው የአጭር ጽሑፍ ማሽን ነው። 22 ቁልፍና አንድ የቁጥር ዘንግ አለው። እንደ ኮምፒውተር ኪቦርድ አንድ በአንድ አይመታም፤ እንደ ፒያኖ ብዙ ቁልፍ ባንዴ ይጫናሉ። የግራ እጅ የመነሻውን ድምፅ፣ አውራ ጣቶች አናባቢውን፣ ቀኝ እጅ የመጨረሻውን ይይዛሉ። ብዙውን ጊዜ አንድ ምት አንድ ክፍለ ቃል ነው። በፊደል ላደገ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ እኛም "ካ" ብለን ስንጽፍ ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ነው የምናስቀምጠው።

የሚያስቸግረን ሌላ ነው። እንግሊዝኛው በግንና መርከብን የሚለየው በአናባቢ ብቻ ነው፤ ለእኛ ጆሮ ሁለቱም "ሺፕ" ናቸው። ማሽኑ ላይ ግን የበጉ አናባቢ ሦስት ቁልፍ፣ የመርከቡ ሁለት ቁልፍ ነው። ጆሮ ካልለየ ጣትም አይለይም። ይህ በልምምድ ይስተካከላል፤ ግን ከክፍል ጓደኞቻችሁ በላይ የምትሠሩት የቤት ሥራ ነው።

ግቡ ቀላል አይደለም። የኮርት ሪፖርተሮች ብሔራዊ ማኅበር፣ በአጭሩ ኤን ሲ አር ኤ፣ የሚሰጠው አር ፒ አር የተባለው ፈተና የፍጥነት ክፍሉ ሦስት ነው። ንግግር በደቂቃ 180 ቃል፣ ለጁሪ የሚሰጥ ማብራሪያ 200፣ የምስክር ጥያቄና መልስ 225። እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ፣ ከ95 በመቶ ያላነሰ ትክክል መሆን አለበት። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ200 ቃል ፍጥነት 10 ደቂቃ ሙሉ አስጽፋ 97.5 በመቶ ትጠይቃለች። ትምህርት ቤቶች "ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት" ይላሉ። ፍጥነት ግን እንደ ክሬዲት አይቆጠርም። አንድ ፍጥነት ላይ ለወራት ተጣብቆ የሚቀር ብዙ ነው፣ መሃል ላይ ጥሎ የሚወጣውም እንደዚያው።

ገንዘቡስ? አዲስ የባለሙያ ማሽን ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ለተማሪ የሚከራይ ወይም ያገለገለ አለ። ፕሎቨር የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ደግሞ ብዙ ቁልፍ ባንዴ የሚቀበል የጌም ኪቦርድ ካለ ያስጀምራል። ከሁሉ በፊት ግን የኤን ሲ አር ኤን የመግቢያ ኮርስ ሞክሩ። ነፃ ነው፣ በኦንላይን ይሰጣል፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ማሽኑ ያንገሸገሻችሁ እንደሆነ ባዶ ኪስ ሳትቀሩ ታውቁታላችሁ።

የድምፅ ጽሑፍ

ይህን ነው ብዙ የኛ ሰው ያልሰማው። ባለሙያው አፉን የሚሸፍን፣ ድምፅ የማያስወጣ ማይክሮፎን ይይዛል። ችሎቱ ውስጥ የሚነገረውን ሁሉ፣ ኮማና ነጥቡን ጭምር፣ በሹክሹክታ ይደግማል። ሶፍትዌሩ ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል። ጭንብሉን በ1940ዎቹ የፈጠረው ሆራስ ዌብ የተባለ ኮርት ሪፖርተር ነው።

"አክሰንቴስ?" ይላል ሰው። ሶፍትዌሩ የሚለማመደው የእናንተኑ ድምፅ ነው። አንድን ቃል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ካላችሁት ይይዘዋል። ከአክሰንት ይልቅ የሚጥለው የቋንቋ አቅም ነው፤ የሕግና የሕክምና ቃላት፣ ሥርዓተ ነጥብ፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ቃላት። አስተርጓሚ ሆኖ የሠራ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ እየሰሙ መናገር ለእሱ የዕለት እንጀራ ነው።

ሥልጠናው ከስቴኖ በጣም ያጥራል፣ ዕቃውም ይረክሳል፤ ጥሩ ኮምፒውተር ግን ግድ ነው። ችግሩ ሁሉም ግዛት እኩል አለመቀበሉ ነው። ቴክሳስና ጆርጂያ ይቀበላሉ፣ ካሊፎርኒያም በ2022 በሩን ከፍታለች። ሌላ ቦታ የምትኖሩ ከሆነ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የግዛቱን ፈቃድ ሰጪ ቢሮ ጠይቁ።

ዲጂታል

አዲስ አበባ ችሎት ድምፅ ተቀርጾ በኋላ ወደ ወረቀት ሲገለበጥ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዲጂታል ሪፖርተሩ ማይክሮፎኖቹን ይቆጣጠራል፣ ማን መቼ እንደተናገረ ማስታወሻ ይይዛል፣ ግልባጩን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ይሠራዋል። ሥልጠናው አጭር ነው፣ የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ኤ ኤ ኢ አር ቲ የሚባል ማኅበር ነው። ቶሎ ሥራ ለሚፈልግ ይመቻል። ወደ ቀጥታ ካፕሽን ግን አያሻግርም፤ ድምፁ ቆይቶ ነው ጽሑፍ የሚሆነው። ማስታወቂያው ሦስቱንም "ኮርት ሪፖርተር" እያለ ስለሚሸጥ ተጠንቀቁ።

ካፕሽን ለምትፈልጉ

ካፕሽን የሚያስኬደው ስቴኖው ወይም ድምፁ ነው። ሲ አር ሲ የተባለው የኤን ሲ አር ኤ የካፕሽን ፈተና በደቂቃ 180 ቃል በ96 በመቶ ትክክለኛነት ይጠይቃል። ከፍርድ ቤቱ ዘገም ይላል ብላችሁ አትናቁት። እዚህ ቆይቶ ቁጭ ብሎ ማረም የለም፤ የተሳሳተው ቃል ተመልካቹ ዓይን ውስጥ ገብቷል። ባለሙያው ፕሮግራሙ ሳይጀምር የስም ዝርዝር ወደ መዝገበ ቃላቱ ያስገባል። የኛን ሯጮች ስም አውቶማቲክ ካፕሽን ምን እንደሚያደርገው ያየ ሰው የዚያ ዝግጅት ዋጋ ይገባዋል።

ትምህርት ቤት ስትመርጡ ስንት ተማሪ እንደተመዘገበ አትጠይቁ። ባለፈው ዓመት ስንቱ ፈተናውን እንዳለፈ ጠይቁ። ክፍያው በወር ከሆነ፣ እናንተም አንድ ፍጥነት ላይ ከቆማችሁ፣ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ አስቡት።

የእኔን ምርጫ ካላችሁኝ፣ ከ25 ዓመት በታች ሆኖ ጊዜ ላለው ስቴኖ። ልጅ እያሳደገ፣ የሌሊት ፈረቃ እየሠራ ለሚማር ድምፅ። ዲጂታልን የምመክረው ለመግቢያ ብቻ ነው።

ሙከራው ዛሬ ማታ ይቻላል። አምስት ደቂቃ የእንግሊዝኛ ዜና ክፈቱ። ኢርፎን አድርጉና የሰማችሁትን ከሥር ከሥር በሹክሹክታ ድገሙ፣ "ኮማ" "ፒርየድ" እያላችሁ። በስልክ ቅዱት። ከዚያ ከዜናው ጋር እያስተያያችሁ የዘለላችሁትን ቃል በእርሳስ ቁጠሩ።