የሦስት ወር የማታ እንግሊዝኛ ሥልጠና በደሴ

ባለፈው ክረምት ከአክስቴ ልጅ ጋር ደሴ ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ማሠልጠኛ የሦስት ወር የማታ እንግሊዝኛ ሥልጠና ተከታትለን ጨርሰናል። ለመመዝገብ ለምታስቡ ያየነውን እንዳለ እጽፋለሁ።

የምዝገባው ቅጽ ከትምህርት ደረጃ ቀጥሎ «ቤት ውስጥ የሚነገር ቋንቋ» የሚል ጥያቄ አለው። ከደሴ አማርኛ፣ ከከሚሴና ከባቲ አፋን ኦሮሞ፣ ከሰቆጣ ኽምጣኛ ይዞ የመጣ ተማሪ በአንድ ክፍል በሚቀመጥባት ወሎ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሆኖም መሙያው አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ከሚሴ ያደገችውና ከእናቷ ጋር በአፋን ኦሮሞ፣ ከአባቷ ጋር በአማርኛ የምታወራው የአክስቴ ልጅ ሁለቱን አጨናንቃ ለመጻፍ ተገደደች።

የጥያቄው ጥቅም የገባኝ የንግግር ክፍሉ መምህር የስም ዝርዝራችንን ከነቋንቋችን ይዘው ሲገቡ ነው። በእንግሊዝኛ መርከብና በግ የሚጠሩባቸው ቃላት የሚለያዩት በአናባቢያቸው ነው፤ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ግን ሁለቱንም «ሺፕ» እያልን አንድ አደረግናቸው። የአክስቴ ልጅ በመጀመሪያው ሙከራ ለየቻቸው። መምህሩም ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ በአፋን ኦሮሞ «ለፈ» መሬት፣ «ላፋ» ደግሞ ለስላሳ ማለት እንደሆነና ጆሮዋ አጭርና ረጅም አናባቢ መለየትን ከልጅነቷ እንደለመደ ነገሩን። በንባብ ጊዜ ግን እሷ «ቦክስ» የሚለውን ቃል «ቦጥ» ብላ አነበበችው፤ አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ የቃሉ የመጨረሻ ፊደል (x) «ጥ» ተብሎ ይነበባልና። መምህሩ ሳያሸማቅቋት የሁለቱን አነባበብ ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። እኔንም «እስኩል» ማለቴን እስክተው ድረስ በትዕግሥት አረሙኝ። እንዲህ ያለ መምህር በተማሪነት ዘመኔ አላጋጠመኝም።

የሰዋስው ክፍሉ ግን አሳዝኖኛል። ሁሉም ደንብ ወደ አማርኛ እየተተረጎመ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ቤቱ ኽምጣኛ የሚናገር አንድ ወጣት ሁለት ጊዜ ጠይቆ በመልሱ ስላልረካ በሦስተኛው ሳምንት ቀረ። ቅጹን ሞልቶ ሳለ ያንን መረጃ የተመለከተው አልነበረም። ከዚህም ሌላ የምደባ ፈተና ስለሌለ ስምንተኛ ክፍል የጨረሱና ዲግሪ ያላቸው አብረው ተቀምጠዋል። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃ ዛሬም በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ በመስከረም ባዮሎጂንና ፊዚክስን በእንግሊዝኛ የሚጀምሩት ልጆች የሚያስፈልጋቸው ከሥራ ቃለ መጠይቅ እንግሊዝኛ ፈጽሞ የተለየ ነው።

የማዳመጫ ድምፅ ማጉያው ከኋላ ለተቀመጠ አይሰማም፤ ክፍያው ተመጣጣኝ ነው።

የንግግር ክፍሉን ነጥሎ መመዝገብ ይቻላል። የአክስቴ ልጅ ለሁለተኛው ዙር የተመዘገበችው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ ክፍያ ከመፈጸሟ በፊትም የሚያስተምሩት እኚያው መምህር መሆናቸውን ጠይቃ አረጋግጣለች።