ጋምቤላ ለምትሄዱ ሁሉ፦ ይህን ባለባጃጅ አስጎብኚ ሳታገኙት እንዳትመለሱ

ባሮ ወንዝ ዳር ይዞን የዞረውን ወጣት ሳላመሰግን ዝም ብል ነውር ነው። ስሙን ሳላስፈቅድ አልጽፍም፤ ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ!

አስጎብኚ የሚባለውን ያስጠሉን ሌላ ቦታ ነው፣ ስማቸው ይቅር። ዋጋ ተስማምታችሁ ከወጣችሁ በኋላ «የጥበቃ»፣ «የጀልባ»፣ «የመኪና ማቆሚያ» እያሉ ይጨምሩባችኋል። በቀትር ፀሐይ ያቆሙና ታሪኩን ከስልክ ላይ ያነቡላችኋል፤ ጥያቄ ከጠየቃችሁም ተመልሰው ስልኩን ነው የሚያዩት። ፍራፍሬ እንግዛ ካላችሁ ደግሞ ወደ ዘመዳቸው ሱቅ! በላስቲክ ታፍኖ ያደረ ማንጎ በእጥፍ ዋጋ ያሸክሟችኋል፤ ቤት ሲደርስ ግማሹ ውሃ ሆኗል።

ይህ ልጅ ግን ሒሳቡን ጠቅልሎ መጀመሪያ ይናገራል፣ ከዚያ በኋላ ሳንቲም አይጨምርም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በር ላይ ነው። ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ስለሆነች 4 ሰዓት ካለፈ በእግር መዞር ጭንቅ ነው። ስለዚህ ቀትሩን ጥላ ሥር አሳርፎ ወደ 10 ሰዓት እንደገና ያወጣችኋል። የባሮ ድልድይ ላይ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ወርዶ ጥበቃዎቹን ይጠይቃል። ሲመሻሽ ደግሞ ከውሃው ዳር ያርቃችኋል፤ ባሮ አዞ አለበት። የአገሬው ሰው ሲታጠብ አይታችሁ እንዳትከተሉ፣ እነሱ ቦታውን ያውቁታል።

ታሪኩንም የሚነግራችሁ ወንዙን እያሳየ ነው። ምኒልክ ግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ከ2000 ሜትር ያልበለጠ የባሮ ዳርቻ ለንግድ ጣቢያ ለሱዳን መንግሥት ተከራየ። ውሉ የሚለው እዚያው ባሮ ዳር ያለችው ኢታንግ አካባቢ ነበር፤ ጣቢያው የተተከለው ግን ጋምቤላ ነው። የእንፋሎት መርከቦቹ ከካርቱም በነጭ ዓባይና በሶባት አድርገው እዚህ የሚደርሱት ክረምት ላይ ብቻ ነበር። ለምን? በጋ ሲሆን ባሮ ይጎድልና አሸዋው ይወጣል፤ እሱም አሸዋውን በጣቱ እያሳየ «መርከቡ የሚቀረው እዚህ ጋ ነው» ይላችኋል። ቡና ወደ ሱዳን፣ ጨውና ጨርቅ ወደ እኛ። ኪራዩም የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ሥር እስካለች ድረስ ስለነበር፣ እሷ ነጻ ስትወጣ ቦታው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። መጋቢት 1933 ዓ.ም. ከተማዋን ከጣሊያን ያስለቀቁት ከቤልጂግ ኮንጎ የመጡ ወታደሮች መሆናቸውንስ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ማንጎው ላይ ግን ወደር የለውም። እዚያው የሚበላውና ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው አንድ አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለመብላት፣ እንጨቱ (ከዛፉ የተንጠለጠለበት ጭራ) አጠገብ ስታሸቱት የሚሸት፣ ሲጫኑት ለስለስ የሚል። ቀለሙን አትመኑ፤ አረንጓዴ ሆኖ የበሰለ አለ። የአገሩ ማንጎ ክር ስላለው ቢላዋ አያስፈልገውም፤ ታጥቦ፣ በመዳፍ ታሽቶ፣ ጫፉ ተቆርጦ ይመጠጣል። የእንጨቱን በኩል በደንብ እጠቡ፣ ከዚያ የሚወጣው ወተት መሳይ ፈሳሽ ከንፈር ያቆስላል።

ለመጫን ደግሞ ጠንካራ፣ ትከሻው የሞላ፣ በእጅ ወይም በመረብ የወረደ እንጂ በድንጋይ የተመታ አይሁን። የተመታው ዕለቱን ደህና ይመስላል፣ ከሁለት ቀን በኋላ ይጠቁራል። እንጨቱ 2 ሴንቲሜትር ያህል አብሮት ይቅር፤ ከሥሩ ከተነቀለ ወተቱ ቆዳው ላይ ፈስሶ ያቃጥለዋል።

መናኸሪያ ላይ የሠራውን አልረሳውም። የገዛነውን ካርቶን መሬት ላይ አስቀምጦ ተንበረከከ፣ አንድ በአንድ እያነሣ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አገላበጠ። የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ፣ እሷ ላይ ደግሞ የደረቀች ሙጫ ካለች የፍራፍሬ ዝንብ ወግታዋለች፣ ውስጡ ትል ነው። እንዲህ ያሉትን ለቅሞ ወደ ሻጯ ተመለሰና በአኝዋክኛ እየቀለደ፣ ሴትዮዋን ሳያስቀይም በደህና አስቀየረልን። ከዚያ ካርቶኑን በየጎኑ በስቶ፣ በጋዜጣ እየለየ ሦስት ረድፍ ብቻ ደረደረ፤ አራተኛው ረድፍ የታችኛውን ይጨፈልቃል። ጉርሻ ብንሰጠው እንቢ አለ! «ማንጎው በሰላም ሲደርስ ደውሉልኝ» ብሎ ሄደ። ደርሷል ወንድሜ፣ አንድም አልተበላሸም። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

ቤት ስታደርሱት ጥሬውን ፍሪጅ አታስገቡ፣ ብርዱ ቆዳውን ያጠቁረዋል፣ ሳይበስልም ይቀራል። ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፣ የለሰለሰውን በየቀኑ እያወጣችሁ ብሉ፤ አንዱ ሲበስል ሌላውን ያጣድፈዋል።

ሂዱ፣ ልጁን ያዙት፣ በሥራው አትደራደሩት። ለማንጎው የምትሄዱት በበጋው መጨረሻ ይሁን፤ መርከብ ያመላልስ የነበረውን ሙሉ ባሮ ማየት የፈለገ ግን ክረምቱን ይጠብቅ፣ ሁለቱ አንድ ላይ አይገኙም። መታወቂያ ያዙ፣ መንገዱ ላይ ኬላ አለ። አጎበርም አትርሱ፣ ወባ አለ። ካርቶኑንም ከቤት ይዛችሁ ውጡ።