ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለው የከሰዓት ማጠናከሪያ ትምህርት፦ ሁለቱ ሰዓት በምን ያልቃል?

ጎንደር ውስጥ በፈረቃ የሚማር ልጅ ግማሽ ቀኑ ክፍት ነው። ይህ ማዕከል ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉትን ከ8፡00 እስከ 10፡00 ሰዓት ይይዛል።

ጥንካሬው የሰዓት አከፋፈሉ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ 40 ደቂቃ የሚባለው ክፍለ ጊዜ ስም ሲጠራ፣ ደብተር ሲወጣ፣ ሰሌዳ ሲጠፋ ይሸራረፋል፤ የቀረውም ብዙ ጊዜ በግልበጣ ያልቃል። እዚህ ግን ልጆቹ ሲገቡ ሰሌዳው ላይ 4 የሒሳብ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል፦ ሁለቱ ከትናንት፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ካለፈው ወር። ደብተር ሳይገልጡ በ8 ደቂቃ ይሠራሉ። የተማሩትን ከራስ ለማውጣት መታገል ደጋግሞ ከማንበብ የበለጠ ያጸናል፤ ክፍያው ለዚህች 8 ደቂቃ ብቻ ቢሆን እንኳ አያስቆጭም። ቀጥሎ 20 ደቂቃ ማብራሪያ፣ 25 ደቂቃ ልጁ ራሱ የሚሠራበት፣ ከዚያ አጭር እረፍት።

ሁለተኛው ሰዓት እንግሊዝኛ ነው፤ እሱ ይባክናል። 30 ልጅ በየተራ ጮክ ብሎ ሲያነብ ለአንዱ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይደርሰውም፣ ሌላው ተራ ጠባቂ ነው። ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማስነበብ ብቻ በ20 ደቂቃ ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ያስገኝ ነበር።

የባሰው ጉድለት የጠዋት ምድብ አለመኖሩ ነው። ፈረቃ ተቀይሮ ልጁ ከሰዓት ሲገባ ማጠናከሪያው ይቋረጥበታል፣ የድግግሞሹም ሰንሰለት ይበጠሳል። ከመክፈልዎ በፊት የልጅዎ ፈረቃ መቼ እንደሚቀየር ይጠይቁ፤ ክፍያውንም በወር እንጂ በመንፈቅ አይፈጽሙ። ከአዘዞ ለሚመላለስ ልጅ ደግሞ የታክሲው ወረፋ የመጀመሪያዋን 8 ደቂቃ ስለሚበላበት እዚያው ሰፈሩ ሌላ ማጠናከሪያ ቢፈለግለት ይሻላል።