የሚያቃጥል ቅባት ለሚያቃጥል እግር፦ ካፕሳይሲን ክሬም ሲገመገም

ውስጥ እግርን ለሚለበልብ፣ በመርፌ እንደሚወጋ ለሚጠቀጥቅ የነርቭ ሕመም ቤት ውስጥ ከሚቀቡ ነገሮች ካፕሳይሲን ክሬም ሊሞከር የሚገባው ነው። ካፕሳይሲን ማለት ቃሪያን የሚያቃጥለው ያው ንጥረ ነገር ነው። ብዙ ሰው ግን ገዝቶት በአራተኛው ቀን ይጥለዋል፤ ለመጣሉ ዋናው ምክንያት አጠቃቀሙን አለማወቅ ነው።

ክሬሙ ቆዳ ውስጥ ያሉትን ሙቀትና ሕመም የሚያስተላልፉ የነርቭ ጫፎች መጀመሪያ ይቀሰቅሳቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቃጠል ከዚህ ይመጣል። በየቀኑ ሲደጋገም ጫፎቹ እየደከሙ ዝም ይላሉ። «ሲያመኝ ብቻ እቀባለሁ» የሚል ሰው ታዲያ ማቃጠሉን እንጂ ማስታገሱን አያገኝም።

በብዛት የሚገኘው በ0.025 እና በ0.075 በመቶ ነው። ለነርቭ ሕመም የሚመረጠው 0.075ቱ ነው፤ ዝቅተኛው ይበልጥ ለመገጣጠሚያ ሕመም ይሆናል። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ቢያንስ በ4 ሰዓት ልዩነት፣ የአተር ፍሬ የምታህል ወስደው ቆዳው ላይ እስክትጠፋ ያሹ። ነጭ ሆኖ ከቀረ በዝቷል፤ ደርቆ ሲራገፍ ብናኙ ያስላል፣ ያስነጥሳል። ለውጥ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። 8 ሳምንት ሳያቋርጡ ተቀብተው ምንም ካልተለወጠ ግን ይተዉት።

ትልቁ ጣጣ እጅ ላይ የሚቀረው ነው። ካፕሳይሲን በውሃ ሳይሆን በዘይት ስለሚሟሟ፣ በውሃ ብቻ ታጥቦ ዓይን የነካ ሰው ወዲያው ይቀጣል። እጅዎን አስቀድመው በምግብ ዘይት ይጥረጉ፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ፤ ጓንት ማድረግ ደግሞ ከሁሉ ይቀላል። የሚያመው እጅ ራሱ ከሆነ ከተቀቡ በኋላ 30 ደቂቃ ቆይተው ይታጠቡ። ከመቀባት በፊትም ሆነ በኋላ በሙቅ ውሃ መታጠብ፣ ወይም የተቀባውን ቦታ አጥብቆ መጠቅለል፣ ማቃጠሉን ያባብሰዋል።

የቆሰለ ወይም የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ አይቀባም። ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ ለሚቀረው ሕመምም ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪድን መጠበቅ ግድ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ከእያንዳንዱ ቅብ በፊት ውስጥ እግርዎንና የጣቶችዎን መሃል በመስታወት ይዩ፤ የደነዘዘ እግር ቁስሉን አይናገርም። (ለዚሁ እግር ሙቅ ውሃ መዘፍዘፊያ የሚመክሩ አሉ፤ ሳይታወቅ የሚያቃጥል አጉል ምክር ነው።) 8 በመቶ ካፕሳይሲን የያዘው ልጥፍ (ፕላስተር) ግን ለቤት አይደለም፤ በባለሙያ እጅ፣ እግር ላይ ለ30 ደቂቃ፣ ሌላ ቦታ ለ60 ደቂቃ ይለጠፋል።

ክሬሙ ሕመሙን እንጂ የሕመሙን ምንጭ አይነካም። ስኳሩ ካልተስተካከለ፣ አልኮል ካልቀረ ነርቭ መጎዳቱን ይቀጥላል። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የሚወስድ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሰው ስለሚችል በደም ምርመራ ያረጋግጥ። «ለነርቭ» እየተባለ የሚሸጠውን ቢ6 ግን በብዛት አይውሰዱ፤ ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

እግር ድንገት ከዛለ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ከመጣ ክሬሙን አስቀምጠው በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።