ባለ 24ቱ ሳጥን ወይስ አራት ቱቦ?

«የዘይት ቀለም ልጀምር ነው፣ የቱን ልግዛ?» የሚለኝ ጓደኛ በዛ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል፦ 24 ትንንሽ ቱቦ የያዘውን ትልቁን ሳጥን አትግዙ፤ በእሱ ፋንታ አራት ደህና ቱቦ ለየብቻ ግዙ።

ገዝቼ ነው የማወራው። የኔዘርላንድሱን ሠዓሊ የቨርሜርን «የዕንቁ ጉትቻ ያላት ልጃገረድ» አይቼ ልሥል ተነሳሁ። ቱቦውን ስጫነው መጀመሪያ የወጣው ዘይት ብቻ ነው። ቀዩን ከነጩ ሳዋህደው ጉንጯ ጠመኔ የተቀባ መሰለ። ቀይ ብጨምር፣ ብጨምር፣ ወይ ፍንክች! በርካሽ ቱቦ ውስጥ ቀለሙ ጥቂት፣ መሙያው ብዙ ነው። አንድ ጉንጭ ሳልጨርስ ቱቦው አለቀ።

ሒሳቡን እንየው። የሳጥኑ ዋጋ ለ24 ሲካፈል ርካሽ ይመስላል። ለፊት ሥዕል የነካሁት ግን አምስቱን ነው፤ ስለዚህ ለአምስት አካፍሉት። ቱቦዎቹም 12 ሚሊ ሊትር ብቻ ናቸው፤ ለብቻው የሚሸጠው ደህና ቱቦ ብዙ ጊዜ 37 ወይም 40 ነው።

አራቱ እነዚህ ናቸው፦ ነጭ፣ የሎው ኦከር (አፈር የሚመስል ቢጫ)፣ ቀይና አይቮሪ ብላክ የሚባለው ጥቁር። በስዊድናዊው ሠዓሊ በአንደርስ ዞርን ስም የሚታወቅ ምርጫ ነው። ኦከሩና ጥቁሩ በባለሙያ ደረጃም ከርካሾቹ ተርታ ናቸው። ኪስ የሚጎዳው ካድሚየም የሚባለው ቀይ ነው፤ እሱም ምስር የምታህል ጠብታ ጉንጩን ታቀላዋለች። ቱቦው ላይ ከካድሚየም ቀጥሎ «ሂው» የሚል ካያችሁ ማስመሰያ ነው። ነጩ ቲታኒየም ይሁን፣ በትልቁ ግዙት፤ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው።

አንድ ነገር አልደብቅም፤ በአራቱ ሰማያዊ ጥምጣሟ አይወጣም። ጥቁርና ነጭ ቢበዛ ሰማያዊ የሚመስል ግራጫ ነው የሚሰጡት። አምስተኛ፣ አልትራማሪን የሚባለውን ሰማያዊ ጨምሩ። ቨርሜር የተጠቀመው ከላፒስ ላዙሊ ድንጋይ የሚወጣውን ውድ ቀለም ነበር። ዛሬ ፋብሪካ ስለሚሠራው ዋጋው ከኦከር ብዙም አይርቅም። እሱንም ካልፈለጋችሁ በአራቱ ለመሥራት ሌላው የኔዘርላንድስ ሠዓሊ ሬምብራንት በ1669 እ.ኤ.አ. የሣለውን የራሱን ፊት ምረጡ።

ለመገልበጫም የታተመ ፖስተር አትግዙ። የእኔው ቀላ ያለ ኅትመት ስለነበር ግንባሯን ሁለት ጊዜ ፍቄ እንደገና ሠራሁት። የልጃገረዷ ሥዕል ያለበት የኔዘርላንድሱ ማውሪትስሃውስ ሙዚየም ጥራት ያለውን ምስል በድረ ገጹ በነጻ ያቀርባል። ዋናው ሥዕል 44.5 በ39 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ በልኩ ብትሠሩት ሸራውም ብዙ አያስወጣም።

ሳጥኑ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለ። ሦስቱ አረንጓዴዎች ክዳናቸው እንኳ አልተነካም፤ የሚፈልግ ይውሰዳቸው።