ሶማሌ ተራ «ጥንድ ነው» ተብሎ የሚሸጥ የሃይሉክስ ዲፈረንሻል፦ ሁለቱንም ሳትቆጥሩ እንዳትከፍሉ

የድሮ ሃይሉክስ ቀስ በቀስ ለተራራና ለበረሃ መንገድ የምታዘጋጁ፣ በተለይ ጎማ አሳድጋችሁ አሁን ዲፈረንሻል የምታፈላልጉ ሰዎች፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። መርካቶ ሶማሌ ተራ «ከአንድ መኪና የወረደ፣ የፊትና የኋላ፣ ሙሉ ጥንድ» ተብሎ የተሸጠው ጥንድ ሆኖ አልተገኘም። የኋላው 9 በ41 ነው፦ ፒኞኑ (ትንሹ ጥርስ) 9፣ ኮሮናው (ትልቁ) 41 ጥርስ አለው፤ 41 ለ9 ሲካፈል 4.56 ይሆናል፣ ቁጥሩ ሲበዛ ጉልበት ይበዛል፣ ፍጥነት ይቀንሳል። የፊቱ 10 በ41፣ ማለትም 4.10። ይህ የታወቀው ገንዘቡ ተከፍሎ፣ መካኒኩ ሁለቱንም አስገብቶ፣ ዘይት ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ነው። ሻጩ ግን ሲሸጥም ያውቅ ነበር። የሚያንገበግበው እሱ ነው።

የሱቁን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ ሞተርና ካምቢዮ ተደርድሯል። ልጆቹ ገና ከሩቅ «ምን ፈልገህ ነው ወንድሜ? ምን መኪና ነው?» እያሉ ይቀበላሉ። ባለቤቱ ውስጥ ካልኩሌተሩን ይዞ ተቀምጧል። ዕቃው በሙሉ ትናንት ከኮንቴይነር የወረደ «ንጹህ ጃፓን» ነው።

ጉዳቱ እንዲገባችሁ መኪናው ለምን ዲፈረንሻል እንደሚፈልግ ልናገር። ኤልኤን 106 የሚባለው ይህ የድሮ ሃይሉክስ ከፊትም ከኋላም ድፍን አክሰልና ባሌስትራ ያለው ጠንካራ መኪና ነው። ስሪ ኤል የሚባለው 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተሩ ግን ተርቦ የለውም። በ205 አር 16 ጎማ ፋንታ 31 በ10.5 አር 15 ሲገባለት የጎማው ቁመት ከ74 ሴንቲ ሜትር ወደ 79 ገደማ ያድጋል። ጭማሪው ወደ 6 በመቶ ነው፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 80 ሲል መኪናው 85 እየሄደ ነው ማለት ነው። 4.10 ዲፈረንሻል ይዞ የመጣ መኪና በዚህ ጎማ 3.86 እንዳለው ሆኖ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ብዙም አይታወቅም። ከጎባ ተነስቶ ሳነቴን ሲወጣ ግን ይታወቃል። የሳነቴ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከሲሶ በላይ ያጣል። ሁለተኛ ማርሽ እምቢ ይላል፣ አንደኛው ሞተሩን ያስጮኸዋል፣ ፍሪሲዮን ይሸታል። መፍትሔው 4.56 ነው። በ31 ጎማ ወደ 4.29 ስለሚወርድ ሞተሩ የተነጠቀውን ጉልበት መልሶ ትንሽ ትርፍም ያገኛል።

በቅደም ተከተል የሚሠራ ሰው እዚህ ደረጃ የሚደርሰው ብዙ አውጥቶ ነው። መጀመሪያ የሞዞ ኩሽኔታ፣ ፍሬንና ራዲያተር ይስተካከላል። ቀጥሎ ጎማ፤ ከዚያ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ባሌስትራ ከነሾክ አብዞርበሩ። (ባሌስትራ ቤት ሄዶ ሁለት ቅጠል ማስጨመር ከፍታ ይሰጣል፤ ግን መኪናው ድንጋይ ላይ መተጣጠፉን ትቶ ይዘላል። አይመከርም።) ዲፈረንሻል ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው። ሻጮቹም የሚፈልገው ሰው ከመንገዱ አጋማሽ አልፎ እንደመጣ አሳምረው ያውቃሉ።

አሁን ወደ ሱቁ። ልጁ የኋላውን ዲፈረንሻል ጎትቶ አወጣ፣ ጨርቅ ላይ አጋደመው፣ የፒኞኑ ፍላንጅ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረ። ኮሮናውን በእጁ አንድ ዙር እያዞረ ጮክ ብሎ ቆጠረ፦ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ይኸው ተኩል። አራት ተኩል ነው፤ አየህ አይደል ወንድሜ?» ልክ ነበር። በጎኑ ላይ በነጭ ቀለም 38 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። መኪና ሲፈታ ከአንዱ የወረደው ዕቃ ከሌላው እንዳይደባለቅ የሚጻፍ ቁጥር ነው።

የፊቱ ግን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በፕላስተር ታስሮ ነው የመጣው። ይፈታና ይቆጠር ሲባል ልጁ ወደ ባለቤቱ ዞር ብሎ አየ። ያቺ ዞር ማለት አሁንም ከዓይኔ አልጠፋችም። ባለቤቱ ቀና ሳይል «አቧራ ይገባበታል፤ ከአንድ መኪና ነው የወረዱት፤ አንዱን አየህ ሁለቱንም አየህ ማለት ነው» አለ። ልጁም ወዲያው ተቀብሎ «ጋሼ እኮ እዚህ ሃያ ዓመት ሠርተዋል፤ በአንተ ይጀምራሉ?» አለና ዕቃውን አንስቶ ጋሪ ላይ ጫነው። ዋጋው ገና አልተቆረጠም ነበር። ደረሰኙ ላይ «9 በ41፣ ጥንድ» ተብሎ ይጻፍ ሲባል መልሱ «ማሽኑ እንደዚያ አይጽፍም» ሆነ። የወጣው «ያገለገለ መለዋወጫ» የሚል ብቻ ነው። ከታች በማኅተም «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተመትቶበታል።

ፕላስቲኩ ሲፈታ ከጎኑ ቁጥሩ ተፍቆ ጥቁር ቀለም ተቀብቶበት ተገኘ። ቀለሙ ትኩስ ስለነበር ጣት ላይ ይቀራል። መካኒኩ ግን የታዘዘውን ሠራ። የኋላውን መቀየር ቀላል ነው፤ ሁለቱ ሴሚያሶች (ጎማዎቹን የሚያዞሩት ዘንጎች) ይሳባሉ፣ ትራስሚሲዮኑ (ወደ ዲፈረንሻሉ ኃይል የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ) ይፈታል፣ ዲፈረንሻሉ ይወጣል። የፊቱ ሌላ ሥራ ነው። ፍሬኑ፣ ሞዞው፣ ስፒንድሉ በሁለቱም በኩል ይወርዳል፤ ሲቪ ጆይንቱ ከነሴሚያሱ ይሳባል፤ ተመልሶ ሲገጠም ደግሞ ኦይል ሲሉና ጓርኒሲዮኑ በአዲስ ይቀየራል፣ ግሪሱ ታጥቦ ይሞላል። በእያንዳንዱ ዲፈረንሻል ከ2 ሊትር የሚበልጥ 80ደብሊው90 ጂኤል-5 ዘይት ይገባል። ይህ ሁሉ ወጪ አሁን ውኃ በልቶታል፤ ለማውረድ ደግሞ እንደ አዲስ ይከፈላል።

መኪናው ደረቅ ጠጠር ላይ ፎር ሃይ ገብቶ ጥቂት ሜትር እንደሄደ መሪው ከበደ፣ የፊት ጎማዎቹ ጠጠሩን እየፈተጉ ጮኹ፣ ከዚያ የፎር ዊሉ ማርሽ አልወጣም አለ። የወጣው መኪናው ወደ ኋላ ሲነዳ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የዚህ መኪና ትራንስፈር (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን) ፎር ዊል ሲገባ የፊቱንና የኋላውን ትራስሚሲዮን በእኩል ፍጥነት አንድ ላይ ያስራል። መሃል ላይ ልዩነት የሚያቻችል ነገር የለውም። ኋላው 4.56፣ ፊቱ 4.10 ከሆነ የኋላ ጎማ 100 ሜትር ሲሄድ የፊቱ 111 ሜትር ልሂድ ይላል። አሸዋና ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ያሳልፈዋል። ድንጋይ ላይ ግን ጎማ አይንሸራተትም። ኃይሉ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ እየተጠራቀመ ይሄድና ከሁሉም የደከመውን ይሰብራል፦ ወይ የፊት ሲቪ ጆይንት፣ ወይ ክሮቸራ (የትራስሚሲዮኑን መጋጠሚያ)፣ ወይ የትራንስፈሩን ጥርስ። ይህ ዳናክል ውስጥ ወይም ሰሜን ተራሮች ውስጥ ቧሂት አቀበት ላይ ቢደርስ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ሻጩ ለዚህ ደንታ የለውም።

የፊቱ ዲፈረንሻል እንደገና ወረደ። ኮሮናው በናፍጣ ሲታጠብ ጠርዙ ላይ 41 እና 10 የሚል ተመትቶ ቁልጭ ብሎ ታየ። መኪናው ላይ ከዱሮውም የነበረው 4.10 ነው። የወረደውን ያንኑ መልሶ በገንዘብ መግዛት ማለት ነው።

ተመልሶ ሲኬድ ያ «ወንድሜ» የሚለው አፍ ጠፋ። «አንተ ሰውዬ፣ ቆጥረህ አይደል የወሰድከው?» አለ ልጁ። ቆጣሪው እሱ ራሱ ነበር፤ የተቆጠረውም የኋላው ብቻ ነው። ባለቤቱ የታጠበውን ኮሮና ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። «አራት ነጥብ አንድና አራት ነጥብ አምስት ያው አራት አይደለም እንዴ? ለዚህ ነው የሰው ሥራ የምታስፈታው?» አለና ካልኩሌተሩን መምታት ቀጠለ። ሃያ ዓመት ዲፈረንሻል የሸጠ ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ገዢውን እንደ ሰው ስላልቆጠረ ነው። በር ላይ የቆሙት ልጆች ይሳሳቃሉ።

ከሁሉ የባሰው ግን መደርደሪያው ነው። ከባለቤቱ ጀርባ፣ ታችኛው ረድፍ ላይ፣ ነጭ 38 የተጻፈበት የፊት ዲፈረንሻል ቁጭ ብሏል። እውነተኛው ጥንድ ከሱቁ ወጥቶ አያውቅም። ይህስ ምንድነው ሲባል ልጁ «እሱ ሌላ ሰው ቀብድ ከፍሎበታል» አለ። ባለቤቱ ደግሞ በዚያው ትንፋሽ «ከፈለገ ይጨምርና ይውሰድ» አለ። የተጠየቀው ጭማሪ ከመጀመሪያው ጥንድ ዋጋ ግማሽ ይሆናል። ጥንዱን ነጥሎ ለሁለት ሰው መሸጥ ሥራቸው ነው ማለት ነው፤ ለአንዱ የማይገጥም ዕቃ አብረው ያሸክሙታል፣ ሲመለስ ደግሞ በራሱ ንብረት ላይ ዋጋ ያስጨምሩታል።

እንግዲህ ልትገዙ ከሆነ፣ የተጠቀለለ ዕቃ ፈትተው ካላሳዩአችሁ ትታችሁ ውጡ። ኮሮናውን አንድ ዙር ብቻ ማዞር አይበቃም፤ ዐሥር ዙር አዙራችሁ ፒኞኑን ቁጠሩ። 41 ዙር ከሆነ 4.10 ነው፣ 43 ከሆነ 4.30፣ 45 ተኩል ከሆነ 4.56፣ 49 ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው 4.88። ሁለቱንም እናንተው ቁጠሩ፤ ሲቆጠርም በስልክ ቅረጹ። ደረሰኙ ጀርባ ላይ የጥርሱን ቁጥር በእጃቸው ጽፈው ይፈርሙ። ጉድለት ያለበት ዕቃ ለተሸጠለት ሸማች የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የማስቀየርና ገንዘብ የማስመለስ መብት ይሰጣል፤ ነገር ግን ምን እንደተሸጠላችሁ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ መከራከሪያው ይሳሳል።

ከዚያ አካባቢ ጥንድ ገዝታችሁ ያስገጠማችሁ ካላችሁ ደግሞ ዲፈረንሻሉን ሳታወርዱ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። የአንዱን አክሰል ሁለት ጎማ በክሪክ አንሱ፣ ካምቢዮውን ኒውትራል፣ ትራንስፈሩን ቱ ሃይ (የኋላው ብቻ የሚነዳበት) ላይ አድርጉ፣ ለፊቱ ፍሪዊሉን (የፊት ጎማውን ከሴሚያሱ ጋር የሚያያይዘውን) ቆልፉ። ሁለቱን ጎማ በአንድ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ዐሥር ዙር እያዞራችሁ ትራስሚሲዮኑን ቁጠሩ፤ ከዚያ ሌላኛውን አክሰል እንዲሁ። ቁጥሩ ከተለያየ ፍሪዊሉን ፈትታችሁ ተዉት፣ እስኪስተካከልም ፎር ዊል አታስገቡ።