የአየር ጠመንጃ የምትገዙ የጎንደር ሰዎች፣ ጭስ ካያችሁ አትክፈሉ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡትን የፒያሳ ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ፤ ሁሉም ዕቃቸው ከጀርመን የመጣ ነው፣ ሁሉም ዋጋ «ለእርስዎ ሲባል» የተቀነሰ ነው። ታናሽ ወንድሜ ለጥምቀት የዒላማ ተኩስ ጨዋታ አዘጋጅቶ ትንሽ ገንዘብ እንዲይዝ ብዬ ባለ 4.5 ሚሊ ሜትር የአየር ጠመንጃ ገዛሁለት።

ሻጩ ጓሮ ወስዶ አንድ ጊዜ ተኮሰልኝ። ጧ! ቆርቆሮው ተበሳ፤ ከአፈሙዙ ጭስ ወጣ። «ጉልበቱን አዩት ጋሼ?» አለኝ። ከፈልሁ። ቤት ወስደን ጥቂት እንደተኮስን ግን ድምፁ ሰለለ፤ የእርሳስ ጥይቷም ጣውላ ነክታ እየነጠረች ትወድቅ ጀመር።

መልሼ ወሰድሁት። ረዳቱ ከእጄ ነጠቀኝ፤ አፈሙዙን አጠፈና ዓይኔ እያየ አየር በሚወጣበት ቀዳዳ ዘይት ጠብ አደረገበት። ከዚያ ጥይት አጉርሶ ተኮሰ። ጧ! ያው ጭስ፣ ያው የተቃጠለ ዘይት ሽታ። «ይኸው ይሠራል» አለ። ሊደብቀኝ እንኳ አልፈለገም! ገንዘቤን ስጠይቅ፣ ከመክፈሌ በፊት «እርስዎ» ይለኝ የነበረው ሻጭ በሰው ፊት «አንተ ጠመንጃ መያዝ ካልቻልህ እኔ ምን ላድርግህ? ደግሞስ ይህ የልጅ መጫወቻ አይደል?» አለኝ። ይህ ንግግር በእኛ አገር ለአንድ ጎልማሳ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

የአየር ጠመንጃ ባሩድ የለውም፤ ታዲያ ጭሱ ከየት ይመጣል? አፈሙዙ ሲታጠፍ ውስጡ ያለው ሞላ ይጨመቃል፤ ቃታው ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ የታመቀው አየር ጥይቷን ይገፋል። ዘይት ካለበት ግን በእመቃው ሙቀት እንደ ናፍጣ ሞተር ይቀጣጠላል። ያ ጩኸት የዘይቱ ፍንዳታ እንጂ የጠመንጃው ጉልበት አይደለም። አየር እንዳያመልጥ የሚይዘው የፒስተኑ ጎማ ያለቀበትን ዕቃ ለአንድ ተኩስ አዲስ ያስመስለዋል፤ ሲደጋገም ደግሞ ጎማውንም ሞላውንም ይጨርሳቸዋል። ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ይህን ሊይዙ የነበሩት ልጆች መሆናቸው ነው። ጥይቷ አንዴ ስትፈጥን አንዴ ስትዘገይ የት እንደምታርፍ አይታወቅም፤ «መጫወቻ» የሚሉት ይህ ዕቃ ደግሞ ዓይን ያጠፋል።

ራሳችሁ ደጋግማችሁ ሳትተኩሱ አትክፈሉ። ድምፁ እየሰለለ ከሄደ ወይም የተቃጠለ ዘይት ከሸተታችሁ ትታችሁት ውጡ። ደረሰኝም ተቀበሉ፤ እኔን «የለንም» ብሎኛል፣ ገንዘቤንም አልመለሰም።